ፋይበር ወይስ የአባባ ሽቦ

መጋቢት 3 ቀን 2009፣ እሑድ

ይህን ደብተር ያወጣሁት ለትምህርት ዕቅድ ነበር። ሁለት ገጽ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ተጽፎበታል፤ የቀረው ለዚህ ጉዳይ ይዋል። ጉዳዩ ቀላል ነው፣ ሰው አያክብደው እንጂ።

ልጄ አደይ ሆላንድ አገር ላለ የውሃ ምህንድስና ትምህርት ቤት አመልክታ ከመጨረሻዎቹ ስድስት ሰዎች አንዷ ሆናለች። የቀራት ቃለ መጠይቅ ነው። ግንቦት 10፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ በኢንተርኔት። ከተቋረጠ አይደገምም ይላል ደብዳቤው። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው ይላል።

ባሕር ዳር ሄዳ እንዳትጠየቅ እግሯ አለ። በየካቲት ቆጋ ላይ የቦይ ውሃ ስትለካ ተንሸራትታ ወድቃ እስከ ጭኗ በጀሶ ታስራለች። እስከ ግንቦት መጨረሻ አይፈታም፤ ሚኒባስ ውስጥ አጥፋ መቀመጥ አትችልም። የሞባይሉ ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። የኛ ትምህርት ቤት መስመር ለፈተና ምዝገባ ተይዟል። እንግዲህ የሚቀረው ቤታችን ድረስ ማስገባት ነው።

ባለቤቴ ሠርክአዲስ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ነገር አታበዛም። «ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሽቦ ስበህ ጨርስ» አለችኝ።

እኔ ይህን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

የስልክ ቴክኒሻኑ ኑዕማን መጥቶ ነበር። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሁለት መንገድ አለ ብሎ አስረዳኝ፤ ሁለቱንም አውቃቸው ነበር፤ ዝም ብዬ ሰማሁት።

አንደኛው ዲኤስኤል ነው። በአሮጌው የመዳብ የስልክ ሽቦ ላይ የሚመጣው። ሽቦው ሰፈራችን ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የሚያልፈው በወንድሜ በባምላኩ ግቢ ባለው ምሰሶ ነው። ከዚያ ወደኛ ለመቀጠል የባለ መስመሩ ፊርማ ያስፈልጋል። ባለ መስመሩ አባባ ነበሩ። አሁን ባምላኩ ነው።

ሁለተኛው ፋይበር ነው። ዋናው መስመር አስፋልቱ ዳር ተቀብሯል። ወደ ውስጥ ለማስገባት ግን ከመንገዳችን ቢያንስ አምስት ቤት አንድ ላይ ማመልከት አለበት።

«ለአንድ ቃለ መጠይቅ ከሆነ መምህር፣ ዲኤስኤሉ በሦስት ቀን ያልቃል» አለ ኑዕማን።

«ፋይበር» አልኩት።

«ሳያስቡበት?»

«ብርሃን ነው የሚሄድበት። አስተምሬህ የለም እንዴ?»

«አስተምረውኛል» አለ። ከዚያ ወደ አጥሩ አየት አደረገና ዕቃውን ሰበሰበ።

መጋቢት 8፣ ዓርብ

ዛሬ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በግራ ፋይበር፣ በቀኝ ዲኤስኤል። ፋይበር የሚበልጥባቸውን ዘጠኝ ምክንያቶች ጻፍኩ፤ ፍጥነት፣ ርቀት፣ መብረቅ አለመሳብ፣ ዝገት አለመያዝ እና ሌሎችም። ዘጠኙም ከሳይንስ የመጡ ናቸው። የባምላኩ ስም ከዘጠኙ በአንዱም ውስጥ የለም። ይህን ለራሴ ማረጋገጥ ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

ለማንኛውም ይመዝገብ። ከባምላኩ ጋር ከአባባ ተዝካር ወዲህ አንነጋገርም። ታናሼ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሞተር ብስክሌት የቡሬን ገጠር ሲዞር ይውላል። አባባ ኅዳር 2008 ሲያርፉ እሱ ዘንድ ነበሩ። እኔ ቡሬ ስልጠና ላይ ነበርኩ፤ ተደውሎልኝ አልተገኘሁም። በተዝካሩ ቀን፣ ቄሱም ዕድርተኛውም ባለበት፣ «እሱኮ አባቱ ሲሞት ኔትወርክ ያልነበረው ሰው ነው» አለ።

በእርግጥም አልነበረም። ቡሬ ኔትወርክ አንዳንዴ ይጠፋል። ይህ የታወቀ ነው።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

ክንፈሚካኤል የሰፈራችን የአንድ ለአምስት መሪ ነው። አምስት አባወራ አንድ ቡድን ነው፤ ቡድኑ ዕቅድ አለው፣ ዕቅዱ ሪፖርት አለው። «አምስት ቤት» የሚለውን ሲሰማ ዐይኑ በራ።

«መምህር፣ ይህማ የኛው አደረጃጀት ነው። አንድ ለአምስት ለፋይበር። በቃለ ጉባኤ እናስይዘው» አለ።

«ለመሆኑ ኮምፒውተር አለህ?»

«ዕቅድ ውስጥ አለ።»

ፈረመ። ለግንቦት 20 በዓል እንዲመረቅ ቀጠሮ ያዘለት። አንድ ክንድ ሳይቆፈር አፈጻጸሙን አርባ በመቶ ብሎ ጻፈ። ከአምስቱ ሁለታችን ፈርመናልና ስሌቱ ስሕተት የለውም።

ስመለስ ኑዕማንን አየሁት። የሽቦ ጥቅልል ትከሻው ላይ አድርጎ ከባምላኩ በር ይወጣል። ስልካቸው ተበላሽቶ ይሆናል።

መጋቢት 17፣ እሑድ

ወይዘሮ ናዚፋ ከኛ ሦስተኛው በር ላይ የእህል መደብር አላቸው። ስለ ሁለቱ መስመሮች ልዩነት ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ እየነጠረ እንዴት እንደሚሄድ በበርበሬ ጆንያ ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው።

«ገባዎት?» አልኳቸው።

«ገብቶኛል። እኔ ግን ዲሴሉ ይሻላል ባይ ነኝ።»

«ዲሴል አይደለም ወይዘሮ ናዚፋ፣ ዲኤስኤል ነው።»

«እሱኑ ነው የምል። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ወፍጮ ቤቱስ በሱ አይደል እንዴ የሚፈጭ?»

እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ሦስት ደንበኞች ቆመው ሰሙኝ። አንደኛው በመጨረሻ ጤፉ በስንት እንደሆነ ጠየቀ። እሳቸው ግን ፈረሙ። «ለአደይ ከሆነ እፈርማለሁ» አሉ። የበቆሎ መስፈሪያውን አንሥተው ደግሞ፣ «ወንድም በአንድ አጥር አስቀምጦ መስታወት ከአስፋልት ማስቆፈሩን እናንተ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ» አሉኝ።

ፊርማቸውን ቆጥሬ ወጣሁ፤ ሦስት።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊደወል ነው። ትናንት ዘንቧል። ጓሮው ጭቃ ላይ የክራንች ቀዳዳ አለ። ሁለት ሁለት እየሆነ እስከ ጀርባው አጥር ይሄድና እዚያ ይጠፋል። አደይን ጠየቅኋት። «ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሎኛል» አለች። ጥሩ ነው። እንቅስቃሴ ለአጥንት ጥሩ ነው።

መጋቢት 22፣ ዓርብ

መምህራን ክፍል ልገባ ስል በሩ ላይ ስሜን ሰማሁ፦ «ለገነነ ፋይበር ማለት ሁለተኛ አጥር ነው።» ሁሉም ሳቁ። የተናገረውን በድምፁ አውቄዋለሁ፤ ኬሚስትሪ ነው የሚያስተምረው። ኬሚስትሪ ስለ ብርሃን ምን ያውቃል?

መጋቢት 24፣ እሑድ

የኔታ ዘሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ከወይዘሮ ናዚፋ አለፍ ብሎ ነው። እንኳን ኮምፒውተር ስልክም የላቸውም። አራተኛ ፈራሚ ያስፈልገኝ ነበርና ሄድኩ።

«ምንድን ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«መስመር ነው፣ የኔታ።»

«መስመርማ ነበራችሁ። የተበጠሰ መቀጠል ይቀላል ወይስ አዲስ መዘርጋት?»

«አዲሱ ይፈጥናል።»

«ወዴት ሊደርስ?»

ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ። ስለ ሽቦ አገጣጠም ያላቸው እውቀት አስገርሞኛል። ከአባባ ጋር ባልንጀሮች ስለ ነበሩ ይሆናል። አባባ ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር መሰላል ተሸክመው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። በግቢው ያለውንም ምሰሶ ያቆሙት፣ ሽቦውንም የቀጠሉት በእጃቸው ነው። ባምላኩ «የአባባ ሽቦ» ይለዋል። መዳብ መዳብ ነው፤ የማንም አይደለም።

መጋቢት 28፣ ሐሙስ

አራት ፊርማ። ሰማንያ በመቶ ይላል ክንፈሚካኤል። አምስተኛው አልተገኘም። ከመንገዳችን የቀሩት ሁለት ቤቶች ናቸው። አንደኛው ባለቤቱ ዱርቤቴ የሚኖር የተዘጋ ቤት ነው፤ ለሰውየው ደብዳቤ ጽፌ በሹፌር ልኬያለሁ። ሌላው የባምላኩ ነው።

ዲኤስኤሉም በባምላኩ፣ ፋይበሩም በባምላኩ። ይህን ሠንጠረዡ ላይ የት እንደማስገባው አላውቅም።

ሚያዝያ 2፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ክንፈሚካኤል መላ አመጣ። ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት እንደ አምስተኛ ቤት እናስመዝግበው አለ። «ወይዘሮ ሠርክአዲስ በስማቸው የቤት እመቤት ሆነው ይግቡበት። ለብቻ መኖራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነው የሚያስፈልግ።»

«ምን ዓይነት ማስረጃ?»

«የፍቺ ወረቀት ቢገኝ ፋይሉ የተሟላ ይሆናል።»

ለቃለ መጠይቁ ስድስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ቀርቶናል። አመነታሁና ለሠርክአዲስ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

«ቅጹን የምተይበው እኔ ነኝ» አለች። «የፍቺ ምክንያት የሚል ክፍት ቦታ አለው። ምን ብዬ ልሙላው?»

«ጊዜያዊ ነውኮ።»

«ጊዜያዊ የሚል የለውም። ‹ባል ወንድሙን ላለማናገር ሲል› ብዬ ልጻፍ?»

«ሕማማት ነው፣ ተይ» አልኳት።

«እኔማ ትቻለሁ» አለችና አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሚያዝያ 8፣ ፋሲካ

በአባባ ጊዜ ሁለቱ ቤት በአንድ ገበታ ይፈስክ ነበር። ለየብቻ ስንፈስክ ዘንድሮ ሁለተኛችን ነው። አደይ «እግሬን ላፍታታ» ብላ ጓሮ ወጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። ስትመለስ ዶሮ ሲቀርብላት ጠግቤያለሁ አለች። ጾም የሰነበተ ሆድ ቶሎ ይጠግባል።

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

ከዱርቤቴ መልስ የለም። ጊዜው እንዳይባክን ብዬ ከሰዓት በኋላ ከበሩ እስከ ሳሎን ያለውን የፋይበር ቦይ ራሴ መቆፈር ጀመርኩ። ስድስተኛው ሜትር ላይ ዶማዬ የውሃ ቧንቧውን በሳው።

ውሃው ጣሪያ ድረስ ተወረወረ። በእጄ ያዝኩት፤ በእጄ መካከል ወጣ። ተቀመጥኩበት፤ በሁለቱም በኩል ወጣ። ዋናው መዝጊያ ያለው ባምላኩ ግቢ ነው፤ አባባ ሁለቱን ቤት በአንድ ቧንቧ ነበር ያስገቡት።

ሠርክአዲስ በረንዳ ላይ ቆማ «ጥራው» አለችኝ።

«ይቆማል።»

«ውሃ በራሱ መቆሙ በፊዚክስ አለ?»

አልጠራሁትም። እንዲያው እንደተቀመጥኩ ውሃው ከሥሬ ቀነሰ፣ ቀነሰና ቆመ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሳል ተሰማ፤ የእግር ኮቴ እየራቀ ሄደ። እግዜር ይስጥህ ብያለሁ። በሆዴ ነው ያልኩት።

ሚያዝያ 23፣ ሰኞ

ኑዕማንን ገበያ መግቢያ ላይ አገኘሁት። ሰላም ከተባባልን በኋላ «የአደይ የትናንት ሙከራ ጥሩ ነበር፤ ምስሉም አልተንቀጠቀጠም» አለኝ።

«የት የተደረገ ሙከራ?»

ፊቱ ተለወጠ። «ቡሬ ሥራ አለኝ መምህር» ብሎ ሄደ። በቡሬ አቅጣጫ እንኳ አልሄደም።

ቤት ገብቼ አደይን ጠየቅኋት። አልዋሸችኝም።

«አጎቴ ዲኤስኤል ካስገባ ወር አልፎታል፣ አባዬ።»

«ለምን ብሎ?»

«ለከብት በሽታ ማጥኛ ነው ይላል። ግን ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ለጀሶዬ ማሳረፊያ በርጩማ ሠርቶ አስቀምጧል። ለከብት በርጩማ አይሠራም መቼስ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«በአጥሩ ክፍተት ሳልፍ ክራንቼን የምታቀብለኝ እሷ ናት።»

«ፋይበሩስ?»

እጄን ያዘችኝ። «ፋይበሩ አራት ሰው ነው፣ አባዬ።»

ልከለክላት አልችልም፤ አልከለክላትምም። እዚያው ትጠየቅ። እኔ ግን ያን ቤት አልገባም። አልተጠራሁም። ለአንድ ወር ቤቴ ውስጥ ሁሉም ሲያውቅ እኔ በርበሬ ጆንያ ላይ ብርሃን እሥል ነበር።

ግንቦት 4፣ ዓርብ

ችግር ተፈጥሯል። ባምላኩ ገጠር ስለሚውል ገበሬው ሁሉ የሚደውለው ለቤቱ ስልክ ነው፤ ባለቤቱ መልእክት ትቀበላለች። ስልኩ በጠራ ቁጥር ግን ኢንተርኔቱ ይወድቃል፤ እስኪመለስ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ትናንት ላሙ ምጥ የያዛት አንድ የቡሬ ሰው አራት ጊዜ ደውሎ አራት ጊዜ መስመሩን በአደይ ላይ ጣለባት።

ኑዕማን አይቶታል። ምሰሶው ላይ አባባ የቀጠሉት መጋጠሚያ ዝጓል። ምሰሶ የሚወጣው ቡድን ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው ከግንቦት 10 በኋላ ነው። ስልኩን መንቀልም አይረዳም፤ ጥሪው በሽቦው ይመጣል። «የሚጥለው ጥሪው ነው እንጂ አንዴ ተነሥቶ የሚወራበት ከሆነ ግን ምንም አይሆንም» አለ።

ፋይበር አይዝግም። ሠንጠረዡ ላይ አራተኛው ነጥብ ነው። ይህን ሳስብ ለአንዲት ደቂቃ ደስ አለኝ። የገዛ ልጄ ተጨንቃ ተቀምጣ ደስ አለኝ። ይህን ባልጻፍኩት ይሻል ነበር፤ አሁን ተጽፏል።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ሠርክአዲስ ማስታወቂያ ተየበች፦ «ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ወደ ሐኪም ባምላኩ ቤት ስልክ እንዳይደወል።» ክንፈሚካኤል በአደረጃጀቱ በቃል አዳርሳለሁ ብሎ ወሰደው። ከአንድ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሃያ አምስት። አራተኛው ዙር ላይ ስድስት መቶ ሃያ አምስት ሰው ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ አደረጃጀቱን አደነቅሁ።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አደይ ስለ ቆጋ ቦዮች በእንግሊዝኛ ለብቻዋ ታወራለች፤ በግድግዳው ይሰማኛል። ነገ ዘጠኝ ሰዓት። ከተቋረጠ አይደገምም።

ቡሬ ኔትወርክ ይጠፋል። የታወቀ ነው። ይህን አሁን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ግንቦት 10፣ ሐሙስ

ሁሉንም በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

አደይ በሰባት ሰዓት ወደ ባምላኩ ቤት ተሻገረች። ሠርክአዲስ ሸኝታት ተመለሰች። እኔ ሳሎን ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ናዚፋ መደብራቸውን ጥለው እያለከለኩ ገቡ።

«መምህር፣ ምን ሊሰጥ ነው? ክትባት ነው እንዴ?»

«የምን ክትባት?»

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ለሐኪሙ ቤት እንዲደወል ተብሎ ተነግሮ የለም? ገበያው ሁሉ ስልኩን ይዞ ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃል።»

«እንዳይደወል ነው የተባለው!»

«ለኔ የደረሰኝ እንዲደወል ነው» አሉ። «ለኑግ ነጋዴዎቹም፣ ለጋሪ ነጂዎቹም የደረሰው እንዲያው ነው።»

ክንፈሚካኤል ከኋላቸው ደረሰ። መልእክቱ መቶ በመቶ መድረሱን ሊነግረኝ ነበር የመጣው። ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስድስት መቶ ሃያ አምስት ሰው። ዞረን ልናስቆመው አንችልም፤ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን።

ሠርክአዲስ ነጠላዋን አጣፋች። «ኑዕማን ምን ነበር ያለው? ተነሥቶ የሚወራበት ስልክ አይጥልም አላለም?»

«ብሏል።»

«የተያዘ ስልክ ደግሞ አይጠራም፤ ሳይደዋወሉበት ዝም ብሎ ቢነሣ ግን ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይለቃል። እንግዲያ ከዘጠኝ በፊት ባምላኩ ካንዱ ጋር ይደዋወልና አርባውን ደቂቃ ይያዘው። ላንተ ይደውልልህ።»

«ወይዘሮ ናዚፋ ይያዙት።»

«ወይዘሮ ናዚፋ መደብር አላቸው። አንተ ምን አለህ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወጣች። ወይዘሮ ናዚፋም ክንፈሚካኤልን አስነሥተው ይዘውት ወጡ።

ዘጠኝ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀር ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩን በፊት ባስቀመጥኩበት ስም ነው የመጣው። «አባባ» ይላል። ስሙን አልቀየርኩትም ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራ። ሦስተኛው ላይ አነሣሁ።

«ሄሎ» አለ ባምላኩ።

«ሄሎ።»

«ይሰማል?»

«ይሰማል።»

 በሁለታችን መካከል አጥርና አሥር እርምጃ ነው ያለው፤ መስኮቱ ክፍት ስለ ነበር ድምፁ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣልኝ፣ አንዴ ከጆሮዬ አንዴ ከግቢው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከስልኩ ጀርባ ከሩቅ የአደይን እንግሊዝኛ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀጠነ፣ በኋላ ተስተካከለ። ስለ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ የላይኛው ገበሬ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ የታችኛው ስንዴ ስለ መድረቁ ታስረዳለች። ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሁለታችንም እሷን ሰማን።

«መምህር፣ አለህ?» አለ ባምላኩ።

«አለሁ።»

«እንዳትዘጋው።»

«አልዘጋም።» ሌላ የምለው አጣሁና «ያቺ የቡሬዋ ላም ወለደች?» አልኩት።

«ወለደች። ጥጃው በእግሩ ነበር የመጣው።»

«ተረፈ?»

«ተርፏል። እናቲቱም ቆማለች።»

 ዘጠኝ ከሩብ ይላል ሰዓቱ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል፤ መዝጋት አልችልም፣ መነሣት አልችልም፣ ተራዬ ነው ብዬ መድረክ መውጣት አልችልም።

«ባምላኩ» አልኩት። «ያን ቀን ቡሬ ኔትወርክ ነበር።»

ከጀርባው የአደይ እንግሊዝኛ ይሰማል።

«አባባ የሚል አየሁ። የቡድናችንን ሪፖርት ላቀርብ ስሜ ተጠርቶ ነበር። እንደ ሁልጊዜው እኔና አንተ ስለምንጨቃጨቅበት አጥር ሊያወሩኝ ነው ብዬ ድምፁን አጠፋሁና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ጊዜ ነው የተደወለው። ሲጨበጨብልኝ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ኔትወርክ የሌለው ስልክ አይጠራማ፣ አያ። በዚህ በኩል ሲጠራ እሰማው ነበርኮ።»

አያ አለኝ። ከተዝካሩ ወዲህ ለሰው ሲያነሣኝ እንኳ መምህር ነበርኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት» አለ። «አባባ አጠገቤ ተኝተው ‹አነሣ?› አሉኝ። ‹ኔትወርክ የለም› አልኳቸው። ካንተ አፍ የወጣ አይደለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ማታ አንተ መጥተህ ያንኑ ቃል መልሰህ ለኔ ስትነግረኝ፣ ላንተ ብዬ ለሚሞት ሰው የዋሸሁትን…» እዚህ ላይ ቆመ። 

«አባባስ ምን አሉ?»

«‹መስመሩ ተበጥሶ ይሆናል፤ ሰው ይሂድና ይየው› አሉ። ከዚያ እስኪያርፉ ድረስ ‹ተቀጠለ ወይ?› እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።»

«ምን አልካቸው?»

«‹ተቀጥሏል፤ እየመጣ ነው› አልኳቸው።»

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አላስታውሰውም። አይ፣ አስታውሰዋለሁ። አልጽፈውም።

ቀና ስል ሠርክአዲስ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«ከማን ጋር ነው እስካሁን?» አለች።

«ከባምላኩ ጋር ነዋ። አደይ ስታበቃ ንገሪን።»

«አደይ ካበቃች ግማሽ ሰዓት ሆናት። አንድም ጊዜ አልተቋረጠባትም። እዚያ ቤት ተቀምጣ አጎቷ ስልኩን እስኪዘጋ ትጠብቃለች።»

ሰዓቱን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ይላል። ለባምላኩ ነገርኩት። እሱም አላየም። ከዘጋነው ቅጽበት ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ ስልኩ መጮኽ ያዘ፤ እስኪመሽ አላረፈም። ሁሉም ስለ ክትባቱ ነው የሚጠይቀው። ባምላኩ ለእያንዳንዱ ክትባት እንደሌለ ሲያስረዳ፣ ከብታቸው በእርግጥ ለታመመባቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ ቀጠሮ ሲሰጥ፣ በመስኮቱ ስሰማው አመሸሁ።

ግንቦት 19፣ ቅዳሜ

የአደይ መልስ ትናንት መጣ። ተቀብለዋታል፤ ለመስከረም ትሄዳለች። ጀሶው ማክሰኞ ሳምንት ይፈታል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የዱርቤቴው ሰውዬ የፈረመበት ወረቀት በዚያው ሹፌር ደረሰ። ሁለት ወር ፈጅቶበታል። አምስት ቤት ሞላ፤ መቶ በመቶ ነው። ገመዱ ስላልመጣ ክንፈሚካኤል ነገ ለግንቦት 20 የሚያስመርቀው ማመልከቻውን ነው። ሪባን ገዝቷል።

ኑዕማን ቅጽ ይዞ መጣ። ምሰሶ የሚወጣው ቡድንም ሰኞ ይገባል አለ። «እንግዲህ ሁለቱም መንገድ ተከፍቶልዎታል። ፋይበሩን ልመዝግብልዎት ወይስ ከወንድምዎ መስመር ልቀጥልልዎት? አንዱን ብለው ይፈርሙልኝ።»

ብዕሩን ተቀበልኩት። ዘጠኙ ምክንያቶች ሁሉም እንዳሉ ናቸው፤ አንዱም ስሕተት የለበትም። ኑዕማን በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብዕሩን መልሼ ሰጠሁት።

«ቆየኝ» አልኩት። «ባምላኩን ልጠይቀው።»